ኢንዶስኮፕን ማጠብ፦ በሽታ ከታካሚ ወደ ታካሚ እንዳይሻገር ከቀጠሮ ደብተር እስከ ቁም ሳጥን

ኢንዶስኮፕ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው፣ በአንድ ጠዋት የብዙ ሰዎችን ጉሮሮና ጨጓራ የሚጎበኝ ተጣጣፊ ቱቦ ነው። እንደ መቀስ አውቶክሌቭ (በታመቀ እንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) ውስጥ ከትቶ መገላገል አይቻልም፤ ላስቲኩ፣ ማጣበቂያውና ካሜራው የ134 ዲግሪ ሙቀት አይችሉም። ውስጡ ደግሞ ዓይን በማይደርስባቸው ጠባብ ቱቦዎች የተሞላ ነው። የአዋቂ የጨጓራ ኢንዶስኮፕ ወደ ሰውነት የሚገባው ክፍል ርዝመት አንድ ሜትር ያህል ሲሆን የናሙና መቆንጠጫው የሚያልፍበት ቻናል ስፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ 2.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ቀዳዳ ደም፣ ንፍጥ፣ ሐሞትና የምግብ ትራፊ ያልፋል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ ሳልሞኔላ፣ ሱዶሞናስ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ መድኃኒት የተላመዱ የአንጀት ባክቴሪያዎች ከኢንዶስኮፒ ምርመራ ጋር በተያያዘ ከሰው ወደ ሰው ተሻግረው ያውቃሉ።

ይህ መመሪያ የእጥበት ማሽን ለሌላቸው፣ ኢንዶስኮፑን በእጅ ለሚያጥቡ ክፍሎች የተዘጋጀ ነው። በአገራችን ብዙ ክፍሎች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ ማሽን ያላቸውም መብራት በጠፋ ወይም ማሽኑ በተበላሸ ቀን ወደ እጅ እጥበት ይመለሳሉ። ምሳሌዬ የጨጓራ ኢንዶስኮፕ ነው። የትልቁ አንጀት ኢንዶስኮፕም በርዝመቱና በቻናሉ ስፋት ከመለየቱ በቀር አሠራሩ በአመዛኙ ያው ነው። አምራቹ ከመሣሪያው ጋር የላከው መጽሐፍ ከዚህ የተለየ ካዘዘ የአምራቹ ቃል ይበልጣል።

በብዙ ክፍሎች ሰው የሚተማመነው በኬሚካሉ ነው። ሳይዴክስ (የመዘፍዘፊያው ኬሚካል የገበያ ስም) ካለ ሁሉም ነገር ያለ ይመስላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በብሩሽና በማጽጃ በሚገባ የታጠበ ኢንዶስኮፕ ኬሚካሉ ገና ሳይነካው ከ10,000 ጀርሞች 9,999ኙ ሊወገዱለት ይችላሉ። ሳይታጠብ ሳይዴክስ ውስጥ የገባ ግን ከቆሸሸ ይብሳል፤ በሳይዴክስ ውስጥ ያለው ግሉታራልዲሃይድ ደምና ንፍጥን አድርቆ ከቻናሉ ግድግዳ ጋር ያጣብቃል፣ ጀርሙም ከዚያ ሥር ተሸሽጎ ይተርፋል። ስለዚህ ከሁሉ የሚያስፈልገው ውድ ፈሳሽ ሳይሆን ለእጥበቱ የሚበቃ ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ቀጠሮው

የኢንፌክሽን መከላከል ሥራ የሚጀምረው በቀጠሮ ደብተሩ ላይ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። የአልጋ አጠገብ ጽዳት፣ የቀዳዳ ፍተሻ፣ በብሩሽ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ እንደገና ማለቅለቅና ማድረቅ ሲደመሩ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ። ምርመራው ራሱ ከታካሚ ቅያሬው ጋር 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ ኢንዶስኮፕ በ80 ደቂቃ አንድ ታካሚ ያስተናግዳል ማለት ነው። በ8 የሥራ ሰዓት 6 ታካሚ። አንድ ኢንዶስኮፕ ይዞ በቀን 15 ሰው የሚቀጥር ክፍል ካለ፣ ከእነዚህ ደቂቃዎች የተሰረቁት የትኞቹ እንደሆኑ መጠየቅ ይገባል። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የብሩሹና የማድረቂያው። ሐኪሙ ከምርመራው ደቂቃ አይቀንስም፤ የመዘፍዘፊያው ሰዓት ሲደወል ሁሉም ይሰማል፤ ብሩሹ ስንት ጊዜ እንደገባ ግን ማንም አይቆጥርም።

ሁለተኛ ኢንዶስኮፕ መግዛት ቁጥሩን የሚያሳድገው ሁለተኛ አጣቢና በቂ ገንዳ ካለ ብቻ ነው። ኃላፊ ከሆኑ የቀኑን የታካሚ ቁጥር ከእጥበቱ አቅም ተነሥተው ይወስኑና ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ድንገተኛ ደም የሚያስታውክ ታካሚ ሲመጣ ቦታ እንዲኖር አንድ ክፍት ቀጠሮ ይተዉ።

ሌላም የቀጠሮ ጉዳይ አለ። በአንዳንድ ቦታ ኤችአይቪ ወይም ሄፓታይተስ እንዳለበት የታወቀ ታካሚ ወደ ቀኑ መጨረሻ ይገፋል። ይህ ጥንቃቄ ቢመስልም ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ለእርሱ ተብሎ የተለየ እጥበት ካስፈለገ የሌሎቹ እጥበት ጎደሎ ነው ማለት ነው። የሄፓታይተስ ቫይረስ በደሙ እንዳለ የማያውቀው ሰው ከሚያውቀው ይበዛል፤ እርሱ ደግሞ ጠዋት መጀመሪያ ላይ ተመርምሮ ሄዷል። እያንዳንዱን ታካሚ በሽታ እንዳለበት ቆጥሮ ማጠብ ብቸኛው መንገድ ነው።

ክፍሉና አጣቢው

እጥበቱ ከምርመራ ክፍሉ የተለየ ክፍል ይፈልጋል። ክፍሉ ቆሻሻው በአንድ በኩል ገብቶ ንጹሑ በሌላ በኩል እንዲወጣ ይደራጅ። ቢያንስ ለማጽጃው፣ ለማለቅለቂያውና ለኬሚካሉ የተለያዩ ገንዳዎች ያስፈልጋሉ። ኢንዶስኮፑ ሳይታጠፍ የሚያርፍባቸው ሰፋፊ ይሁኑ፤ የኬሚካሉ ገንዳ ክዳን ይኑረው። ቦታው ጠባብ ከሆነ እንኳ የቆሸሸው ኢንዶስኮፕና የታጠበው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኙ።

አጣቢው ውኃ የማያስገባ ጋዋን ወይም የላስቲክ ሽርጥ፣ ማስክ፣ የፊት መከለያና ረጅም ጓንት ያድርግ። ግሉታራልዲሃይድ የላቴክስ ጓንትን ሰርስሮ ያልፋል፤ ናይትራይል የተሻለ ነው። እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል፣ በጊዜ ብዛት አስምና የቆዳ ቁጣ ያመጣል። መስኮት መክፈት ጥሩ ነው፤ አየሩን ከገንዳው ከፍታ ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ ግን ይበልጣል። ሦስቱን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያልወሰደ ሰው በዚህ ክፍል ሥራ አይጀምር።

ምርመራው ሲካሄድ

ስለ ኢንዶስኮፕ ሲወራ ሁሉም ዓይኑን ቱቦው ላይ ይጥላል። በ2008 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ፣ በአንድ የኢንዶስኮፒ ክሊኒክ የታከሙ 40,000 ያህል ሰዎች ለሄፓታይተስ ሲ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለኤችአይቪ እንዲመረመሩ ጥሪ ተደረገላቸው። የታካሚዎችን ደም ያገናኘው ቱቦው ሳይሆን የማደንዘዣው ብልቃጥ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሰው የተዘጋጀው የፕሮፖፎል ብልቃጥ ለብዙ ሰው ይውል ነበር፤ ታካሚው ተጨማሪ ሲፈልግ መርፌው ቢቀየርም ያው ሲሪንጅ ተመልሶ ብልቃጡ ውስጥ ይገባ ነበር። በሲሪንጁ ያለው ረቂቅ ደም ብልቃጡን ይበክላል፣ የተረፈው ለቀጣዩ ይቀዳል።

ስለዚህ አንድ መርፌ፣ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ ታካሚ። መርፌውን ብቻ መቀየር አያድንም። የተረፈ ማደንዘዣ ውድ ቢሆንም ይደፋ። ይኸው ሕግ ለጉሮሮ ማደንዘዣ ስፕሬይም ይሠራል፤ የሊዶካይን ስፕሬይ አፍንጫ (የመርጫው ጫፍ) የአንዱን ምላስ ነክቶ ወደ ሌላው አፍ የሚገባ ከሆነ ኢንዶስኮፑን በሳይዴክስ መዘፍዘፍ ምን ይጠቅማል? ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር አፍንጫ ከሌለ መድኃኒቱን በንጹሕ ሲሪንጅ ቀድቶ አፍን ሳይነኩ መርጨት ይቻላል።

የናሙና መቆንጠጫው ከቱቦው የበለጠ አደገኛ ነው። አሜሪካዊው የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ኧርል ስፖልዲንግ ያወጣው ምደባ እስካሁን የሚሠራበት ነው፦ የአካልን ሽፋን ቀዶ ወደ ደም የሚገባ መሣሪያ ፍጹም ከጀርም የነጻ (ስቴራይል) መሆን አለበት፤ የውስጥ ሽፋንን የሚነካ፣ ግን የማይቀድ መሣሪያ ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን (ከአንዳንድ ጠንካራ የባክቴሪያ ስፖሮች በቀር ጀርሞችን ሁሉ በኬሚካል መግደል) ይበቃዋል። ኢንዶስኮፑ ከሁለተኛው ወገን ነው፣ መቆንጠጫው፣ የፖሊፕ (የአንጀት ሽፋን እባጭ) መቁረጫ ሽቦውና የመርፌ ካቴተሩ (ጫፉ መርፌ የሆነው ቀጭን ቱቦ) ከመጀመሪያው። ለአንድ ጊዜ የተሠራ መቆንጠጫ አንድ ጊዜ ብቻ ያገልግል። ደጋግሞ እንዲያገለግል የተሠራ ከሆነ ጥምዝምዝ ሽቦው ውስጥ የገባው ደም በአልትራሶኒክ (በድምፅ ሞገድ በሚሠራ) ማጠቢያ ይውጣ፣ ከዚያ አውቶክሌቭ ይግባ። መቆንጠጫን በአልኮል ጠርጎ ወይም ሳይዴክስ ውስጥ ነክሮ ለሚቀጥለው ታካሚ ማዋል ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የመርፌ ካቴተርን ደግሞ አጥቦ መመለስ ከሲሪንጅ መጋራት አይለይም።

ሌንሱን የሚያጥበው የውኃ ጠርሙስ የተረሳ ዕቃ ነው። በየቀኑ ከነክዳኑና ከነቱቦው ስቴራላይዝ ወይም ዲስኢንፌክት ተደርጎ በስቴራይል ውኃ ይሞላ። ማታ ውኃ እንደያዘ አይደር።

አንደኛ፦ ታካሚው አልጋ አጠገብ

ኢንዶስኮፑ ከታካሚው አፍ እንደወጣ፣ ከብርሃን ምንጩ ሳይነቀል ጽዳቱ ይጀመራል። ኢንዛይም ያለው ማጽጃ በተነከረ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ቱቦውን ከመያዣው ጀምረው ወደ ጫፉ ይጥረጉ። ጫፉን ማጽጃው ውስጥ ነክረው የሚወጣው ፈሳሽ እስኪጠራ ድረስ በሳክሽን (በመምጠጫው) ይሳቡ። ለአየርና ለውኃ መስመሩ የተሠራውን የጽዳት ቫልቭ ገጥመው 30 ሰከንድ ያህል ውኃ፣ ከዚያም አየር ያሳልፉ። ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

መዘግየት ብዙ ያስከፍላል። ሊጥ የደረቀበት ቡሃቃ ያጠበ ሁሉ ይህን አይስተውም፤ እርጥብ ሳለ በውኃ የሚሄደው ነገር ከደረቀ በኋላ ቢፈትጉትም አይለቅም። በቻናሉ ውስጥ ደግሞ የደረቀው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ባክቴሪያዎች ራሳቸውን የሚያጣብቁበትና የሚሸሸጉበት፣ ባዮፊልም የሚባል ዝልግልግ ሽፋን መሥራት ይጀምራሉ። የእጅ እጥበቱ ምርመራው ካበቃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀመር። ሳክሽኑ በመብራት መጥፋት ከቆመ አይጠብቁ፤ በትልቅ ሲሪንጅ ማጽጃውን በቻናሉ ይግፉ። ከዚያ ኢንዶስኮፑን በሰፊው ጠቅልለው፣ ክዳን ባለውና «የቆሸሸ» የሚል ምልክት በተለጠፈበት ሣጥን ወደ እጥበት ክፍሉ ይውሰዱት። በእጅ አንጠልጥሎ በኮሪደር መሄድ ወለሉንም ሌንሱንም ይጎዳል።

ሁለተኛ፦ ቀዳዳ መፈተሽ

ሊክ ቴስት የሚባለው ነው። ከውኃ በፊት የሚሠራው መሣሪያውን ለማትረፍ ብቻ አይደለም፤ በተቀደደ ቻናል በኩል ወደ ኢንዶስኮፑ ሆድ የገባ ፈሳሽ በማንኛውም ብሩሽ አይደረስበትም። ቫልቮቹን ሁሉ ያውጡ፤ የቪዲዮ ኢንዶስኮፕ ከሆነ ውኃ የማያስገባውን ክዳን ይግጠሙ። ሞካሪውን (የቀዳዳ መፈተሻ መሣሪያውን) አያይዘው አየር ይሙሉ፣ ግፊቱ አለመውረዱን ይዩ። ከዚያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው ጫፉን በመዘውሮቹ ወደ አራቱም አቅጣጫ ያጣምሙ፣ የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹንም ይጫኑ፤ አንዳንድ ቀዳዳ ቱቦው ሲታጠፍ ብቻ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ ላይ ብቅ ብለው የሚጠፉ አረፋዎች አያስደንግጡ። ከአንድ ቦታ ሳያቋርጥ የሚወጣ አረፋ ግን ቀዳዳ ነው፤ ኢንዶስኮፑ ከሥራ ይውጣ፣ ምልክት ይለጠፍበት፣ ወደ ጥገና ይሂድ። ሞካሪውን የሚነቅሉት መሣሪያውን ከውኃ ካወጡ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፦ በብሩሽ ማጠብ

ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው፤ ሌላውን ቢያፋጥኑም እዚህ ግን አይቸኩሉ።

ማጽጃው ለኢንዶስኮፕ የተዘጋጀና አረፋው አነስተኛ ይሁን። የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አይሆኑም፤ አረፋቸው የሚሠሩትን ይጋርዳል፣ ፈሳሹ የቻናሉን ግድግዳ በሙሉ እንዳይነካ ያግዳል፣ ለቅልቆ ማውጣቱም አስቸጋሪ ነው። መጠኑን በመለኪያ ይለኩ እንጂ «በግምት አንድ ክዳን» አይበሉ። ለእያንዳንዱ ኢንዶስኮፕ አዲስ ማጽጃ ይዘጋጅ፤ ጠዋት የተበጠበጠው ቀኑን ሙሉ ሲያገለግል የሦስተኛው ታካሚ ኢንዶስኮፕ የሚነከረው በሁለቱ ቀዳሚዎች ጨጓራ ውስጥ በነበረው ነገር ነው። በረኪና ደግሞ ወደዚህ ገንዳ አይቅረብ። በየሆስፒታሉ ለዕቃ ማጽጃ የሚበጠበጠው 0.5 በመቶ የክሎሪን ውኃ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ የኢንዶስኮፑን ሽፋንና ብረት ግን ይበላል።

ኢንዶስኮፑን ሙሉ በሙሉ አጥልቀው ከውኃው በታች ይሥሩ፤ ከላይ የሚወጣ ብሩሽ ፊት ላይ ይረጫል። ብሩሹ ለቻናሉ ልክ የሚሆን ይሁን። ቀጭን ብሩሽ ግድግዳውን ሳይነካ ያልፋል፣ ወፍራሙ ይቀረቀራል። ቻናሉ በሦስት አቅጣጫ ይቦረሻል፦ ከሳክሽን ቫልቩ ቀዳዳ ብሩሹን በ45 ዲግሪ አዘንብለው ወደ ኢንዶስኮፑ ጫፍ፤ ከዚያው ቀዳዳ ቀጥ አድርገው ከብርሃን ምንጩ ጋር በሚያያዘው ገመድ በኩል እስከ መጨረሻው፤ ከናሙና መቆንጠጫው መግቢያ ደግሞ በአጭር ብሩሽ። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ሁለተኛው ነው፤ ያ ክፍል ታካሚው ውስጥ አይገባምና ንጹሕ ይመስላል። የተሳበው ደምና ንፍጥ ግን ሁሉ የሚያልፈው በእርሱ ነው።

ብሩሹ በወጣ ቁጥር ጫፉን በጣትዎ እያጸዱ፣ ምንም ቆሻሻ ሳይዝ እስኪወጣ ይደጋግሙ። «ሦስት ጊዜ» የሚል ሕግ ቢኖር እንኳ ሦስተኛው ላይ ቆሻሻ ከያዘ አራተኛ አለ። የቫልቮቹን ማረፊያ፣ ቫልቮቹን ራሳቸውን፣ ጫፉንና የሌንስ ዙሪያውን በትንሽ ለስላሳ ብሩሽ ያዳርሱ። ከዚያ ሁሉንም ቻናሎች በማጽጃው ሞልተው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ይጠብቁ፤ ኢንዛይም ሥራውን የሚሠራው በጊዜ ነው። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ይለቅልቁ፣ በቻናሎቹ አየር ይንፉ፣ ውጩን ያድርቁ። ውኃ ይዞ ወደ ኬሚካሉ የሚገባ ኢንዶስኮፕ ኬሚካሉን በየዙሩ ያቀጥነዋል።

ከመዘፍዘፍዎ በፊት በደማቅ ብርሃን፣ ቢቻል በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። ቆሻሻ ካዩ ወደ ብሩሹ ይመለሱ።

አራተኛ፦ መዘፍዘፍ

በአገራችን በብዛት የሚታወቀው 2 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ ነው። ኦርቶፍታልዲሃይድ 0.55 በመቶ ፈጣንና ሽታው አነስተኛ ስለሆነ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል፣ ቆዳንና ያልታጠበ ፕሮቲንን ግራጫ ያደርጋል፤ ይህ ሁለተኛው ነገር በነጻ የሚያጋልጥ ምስክር ስለሆነ እኔ እንደ ጥቅም እቆጥረዋለሁ። ፐርአሴቲክ አሲድም አለ፤ እርሱ በአብዛኛው በማሽን ነው የሚሠራው።

ግሉታራልዲሃይድ ከጋኑ እንደወጣ ደካማ ነው፤ አብሮት የሚመጣው ማንቂያ ሲጨመርበት ነው የሚሠራው። ማንቂያው የተጨመረበትን ቀን በገንዳው ላይ ይጻፉ፤ እንደ ምርቱ ዓይነት ዕድሜው 14 ወይም 28 ቀን ነው። ይህ ግን ጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም። በየቀኑ ከመጀመሪያው ኢንዶስኮፕ በፊት ጥንካሬውን በመለኪያ ወረቀት ይፈትሹ፤ ወረቀቱ ከወደቀ ፈሳሹ አምስት ቀኑም ቢሆን ይደፋል። ወረቀቱ ካለፈ ግን ቀኑን ማስረዘም አይቻልም። ቀኑም ወረቀቱም ሁለቱም መስማማት አለባቸው።

ኢንዶስኮፑን ሙሉ በሙሉ ያጥልቁ፣ እያንዳንዱን ቻናል አረፋ መውጣቱን እስኪያቆም በሲሪንጅ ይሙሉ። አየር የተቀመጠበትን ቦታ ኬሚካሉ አልነካውም። ቫልቮቹንም አብረው ይክተቱ። ክዳኑን ገጥመው ሰዓት ቆጣሪ ያስነሡ፦ በብዙ የሙያ ማኅበራት መመሪያ መሠረት ለ2 በመቶ ግሉታራልዲሃይድ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 20 ደቂቃ፣ ለኦርቶፍታልዲሃይድ በ20 ዲግሪ 12 ደቂቃ።

«በ20 ዲግሪ» የምትለው ሐረግ ለደገኛው አገራችን ትልቅ ቁም ነገር ናት። በነሐሴ ጠዋት የአዲስ አበባ ክፍል፣ ይልቁንም የደብረ ብርሃን፣ ከ20 ዲግሪ በታች ሆኖ ማደሩ የተለመደ ነው፤ ገንዳው ውስጥ ያደረው ፈሳሽም እንዲሁ። ኬሚካሉ ሲቀዘቅዝ ይሰንፋል። ገንዳው ውስጥ ቴርሞሜትር ያስቀምጡ፤ ካልደረሰ ክፍሉን አሙቀው ይጠብቁ እንጂ ፈሳሹን በእሳት ወይም ሙቅ ውኃ በመጨመር አያሙቁት። መርሳትም ሌላ ጥፋት ነው፤ ኢንዶስኮፕ ሳይዴክስ ውስጥ አይደር።

አምስተኛ፦ ማለቅለቅና ማድረቅ

በቂ ያልተለቀለቀ ግሉታራልዲሃይድ የአንጀትን ሽፋን ያቆስላል። ከትልቁ አንጀት ምርመራ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲመጣ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በብዙ ውኃ፣ ውኃውን እየቀየሩ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ውጩንም ቻናሎቹንም ይለቅልቁ።

ውኃው ራሱ ጥያቄ ነው። ስቴራይል ውኃ ወይም በ0.2 ማይክሮን ማጣሪያ ያለፈ ውኃ ከሁሉ ይመረጣል። የቧንቧ ውኃ ለመጠጥ ንጹሕ ቢሆንም እንደ ሱዶሞናስ ያሉ የውኃ ባክቴሪያዎችን ሊይዝ ይችላል፤ ከሮቶ ወይም ከጀሪካን የተቀዳው ደግሞ ይብሳል። ማጣሪያ ከሌለ አፍልቶ፣ በክዳን አቀዝቅዞ በዕለቱ መጠቀም የቸገረው መላ ነው። ውኃ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ለቀኑ ታካሚዎች የሚበቃው ውኃ ሳይጠራቀም የመጀመሪያው ምርመራ አይጀመር፤ እጥበቱ መሃል ላይ ውኃ ያለቀበት ኢንዶስኮፕ ከነኬሚካሉ ይደርቃል።

ከዚያ ቻናሎቹን በ70 በመቶ አልኮል ያሳልፉ፣ ቀጥሎ የተጣራ አየር ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ይንፉባቸው። አልኮሉ እዚህ የሚጠቅመው ውኃውን ይዞ እንዲተን ነው፤ በአልኮል ብቻ ኢንዶስኮፕን ዲስኢንፌክት ማድረግ አይቻልም። ማድረቅ ብዙ ሰው እንደ ማስጌጫ የሚያየው ሥራ ነው። በእርጥብ ቻናል ውስጥ አንድ ባክቴሪያ ብቻ ቀርቶ በየ30 ደቂቃው እጥፍ ቢሆን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት 28 ጊዜ ይራባል፤ ቁጥሩ ከ268 ሚሊዮን ይበልጣል። በደረቀ ቻናል ውስጥ ግን መራባት አይችልም።

ስድስተኛ፦ ማስቀመጥ

ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሎ፣ ቫልቮቹ ወጥተው፣ አየር በሚዘዋወርበት ቁም ሳጥን ውስጥ። ጫፉ ወለሉን አይንካ። ከፋብሪካ የመጣበት ሻንጣ ለጉዞ ነው፤ ስፖንጁ እርጥበትና ጀርም ይይዛል፣ አይታጠብም። በእጅ ለሚያጥብና የማድረቂያ ቁም ሳጥን ለሌለው ክፍል፣ በተለይ ከቅዳሜና እሑድ በኋላ፣ ጠዋት ከመጀመሪያው ታካሚ በፊት እንደገና መዘፍዘፍና መለቅለቅን እደግፋለሁ።

የሐሞት ቱቦው ኢንዶስኮፕ

ኢአርሲፒ (የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎችን በኢንዶስኮፕ መመርመርና ማከም) ለሚሠሩ ክፍሎች ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፣ ግን አይበቃም። ለዚህ የሚያገለግለው ኢንዶስኮፕ፣ ዱዎዲኖስኮፕ፣ ጫፉ ላይ መሣሪያውን ወደ ሐሞት ቱቦ የምታቀና ትንሽ ማንሻ አለችው፤ ከጀርባዋ ያለው ስንጥቅ ለብሩሽ አይመችም። በ2015 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ የዩሲኤልኤ ሮናልድ ሬገን ሕክምና ማዕከል ካርባፔነም በሚባሉት ጠንካራ አንቲባዮቲኮች የማይገደሉ ባክቴሪያዎች በዱዎዲኖስኮፕ በኩል 7 ሰዎችን ያዙ፤ ኢንፌክሽኑ ለ2ቱ ሞት አስተዋጽኦ አድርጓል ተባለ፤ 179 ሰዎች ደግሞ ሳይጋለጡ አልቀረም ተብሎ ተነገራቸው። ማዕከሉ የአምራቹን የእጥበት መመሪያ መከተሉን አስታውቋል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ሆስፒታሎች ጫፋቸው ተነቅሎ ወደሚጣል ዱዎዲኖስኮፖች እንዲሸጋገሩ መከረ። እንዲህ ዓይነቱን ማግኘት ካልተቻለ ማንሻዋን ከፍም ዝቅም አድርገው በሁለቱም ሁኔታ ጀርባዋን በተሠራላት ብሩሽ ይቦርሹ፤ እጥበቱንና መዘፍዘፉን ሁለት ጊዜ መድገምም አንዱ አማራጭ ነው። ከተቻለ ከማንሻዋና ከቻናሉ ናሙና ወስደው በየጊዜው ለባክቴሪያ ካልቸር (ጀርም ካለ በላብራቶሪ አሳድጎ ለማየት) ይላኩ።

መዝገቡና ጥፋት የተገኘ ቀን

ለእያንዳንዱ ምርመራ አንድ መስመር ይጻፍ፦ ቀኑ፣ የታካሚው የካርድ ቁጥር፣ የኢንዶስኮፑ መለያ ቁጥር፣ የሊክ ቴስቱ ውጤት፣ ያጠበው ሰው ስም፣ የመለኪያ ወረቀቱ ውጤት፣ ኬሚካሉ ውስጥ የገባበትና የወጣበት ሰዓት። ሁለት ኢንዶስኮፕ ያለው ክፍል የመለያ ቁጥሩን ካልጻፈ መዝገቡ ከንቱ ነው። ማታ ተቀምጦ በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ የቀን ሙሉ መዝገብም እንዲሁ፤ ተቆጣጣሪ ከሆኑ እርሱን መለየት አያቅትዎትም።

አንድ ቀን የሆነ ነገር ተጓድሎ ይገኛል። ወረቀቱ ወድቆ ሳለ ፈሳሹ ለሁለት ቀን ያገለገለ፣ ወይም አንድ ቻናል ለወራት ሳይቦረሽ የቆየ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ኢንዶስኮፑ ወዲያው ከሥራ ይውጣ፤ ጥፋቱ ከመቼ እንደጀመረ ከመዝገቡ ይፈለግ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የተመረመሩት በስም ይዘርዘሩ፤ ለሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር ኮሚቴ በዚያው ዕለት ይነገር። ያገኘውን ጥፋት የተናገረ አጣቢ ደመወዙ ከተቆረጠ ቀጣዩ ጥፋት አይነገርም፤ ኃላፊው ይህን አስቀድሞ ይወስን። ከዚያ ታካሚዎቹ በስልክ ተጠርተው በአካል ይነገራቸው፣ የአደጋው መጠን በትክክል ይገለጽላቸው፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የሄፓታይተስ ሲ እና የኤችአይቪ ምርመራ ያለ ክፍያ ይሠራላቸው። የመጀመሪያው ምርመራ በዚያው ሰሞን፣ ሁለተኛው ደግሞ ኢንዶስኮፒ ከተደረገላቸው ቀን 6 ወር ሲሞላ ነው፤ የሁለተኛው ቀጠሮ ቀን ከክፍሉ ከመውጣታቸው በፊት በካርዳቸው ላይ ይጻፍ።